ዋቱን ተዉትና ድምፁን ስሙት

ስለ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ወሬ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ማሰራጫው ስንት ዋት ነው?» ቀጥሎ አንቴናው ይጠየቃል። ቁመቱ፣ አቅጣጫው፣ ሽቦው። «ድምፁስ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። እኔ ደግሞ ዋት መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። ደካማ ማሰራጫ በደንብ የተሰናዳ ድምፅ ከሰጡት ሰው ጆሮ ይደርሳል። ጉልበተኛው ማሰራጫ የተበላሸ ድምፅ ከሰጡት የሚያደርሰው ያንኑ የተበላሸውን ነው፤ ያውም ጎላ አድርጎ።

ኑሮዬ ደብረ ብርሃን ነው። የዕለት እንጀራዬ ሌላ ነው፤ ሬዲዮ ልክፍቴ ነው። ጀርመን ከሚኖር አብሮ አደጌ ጋር ሆነን በአማርኛ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት እንሠራለን። ጨዋታ አለው፣ የመንደር ወሬ አለው፣ በገናና መሰንቆ አለው። እኔ እዚህ እቀዳለሁ። እሱ እዚያ ካለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ የአየር ሰዓት ይገዛል፤ ወጪውን ከወዳጆች ጋር እንካፈላለን። ትርፍ የለውም። አድማጭ አለው፤ ብዙ ነው ብዬ ግን አልዋሽም።

«ለምን እዚሁ ደብረ ብርሃን ማሰራጫ አትተክልም?» የሚሉኝ አሉ። ኧረ በሕግ አምላክ! አየሩ ባለቤት አለው። ሞገዱን የሚመድበው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የብሮድካስት ፈቃድ ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። አማተር ሬዲዮም አለ። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ያለው የክበብ ጣቢያ፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ፣ በዓለም አማተሮች ዘንድ የታወቀ የጥሪ ምልክት ነው። ነገር ግን አማተር ሬዲዮ ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝበት ነው። ለሕዝብ ፕሮግራም የሚለቀቅበት አይደለም። ስለዚህ ማሰራጫውን ለባለ ፈቃዶቹ ትቼ እኔ ማይኩንና ላፕቶፑን ያዝኩ። ደግነቱ የድምፅ ጥራት የሚበላሸውም የሚስተካከለውም በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው።

አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ለፍቅር ብሎ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ መሥራት የራሱ ዓለም አለው። ትልልቆቹ መንግሥታዊ ጣቢያዎች አጭር ሞገድን እየተዉ ሲወጡ ሜዳው ለሬዲዮ ወዳጆቹ ቀረ። ከባቫሪያ በ6070 ኪሎ ኸርዝ የሚሰማው ቻናል 292 ፕሮግራም ላለው ሰው የአየር ሰዓት ያከራያል። ፊንላንድ ውስጥ፣ ቪራት በምትባል ከተማ፣ ስካንዲኔቪያን ዊክኤንድ ሬዲዮ የሚባል አለ። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ አየር ላይ ይወጣል፤ ጉልበቱ በኪሎ ዋት የሚቆጠር አይደለም፣ በመቶ ዋት ቤት ነው። ድሮ አዲስ አበባ ላይ የነበረው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1963 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር 100 ኪሎ ዋት ማሰራጫ ነበረው። ልዩነቱን እናንተው አስሉት። እነዚህ ትንንሾቹ ግን ይሰማሉ። አንዳንዶቹም ከትልልቆቹ ይልቅ ጥርት ብለው ነው የሚሰሙት።

ለምን የሚለውን ለማየት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። አትሽሹ፣ አጭር ነው።

አጭር ሞገድ ላይ ፕሮግራም በአብዛኛው የሚለቀቀው በኤ ኤም ነው፤ የሞገዱ ጉልበት ድምፁን ተከትሎ ከፍ ዝቅ የሚልበት ዘዴ ነው። ከኤ ኤም ማሰራጫ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው ተሸካሚው ሞገድ ነው። ሰው ቢናገርም ባይናገርም እኩል ይወጣል፤ በራሱ ወሬ አይዝም። ወሬውን የሚይዙት ግራና ቀኙ ያሉት ሳይድባንዶች ናቸው። ተሸካሚው 100 ዋት የሆነ ማሰራጫ 100 በመቶ ሞጁሌት ሲደረግ፣ ማለትም ድምፁ ተሸካሚውን እስከ ጣሪያው ሲያወዛውዘው፣ ሳይድባንዶቹ በድምሩ 50 ዋት ይይዛሉ። ሞጁሌሽኑ 30 በመቶ ከሆነ ግን 4.5 ዋት ብቻ ይቀራቸዋል። ስሌቱ ለአንድ ወጥ ድምፅ ነው፤ ነገሩን ለማየት ግን ይበቃል። ያልተሰናዳ የሰው ንግግር ጫፉ 100 ቢነካም አማካዩ ዝቅ ያለ ነው። አንዷ ጠንካራ ቃል ጣሪያውን ትነካለች፣ የቀረው ዓረፍተ ነገር ወለል ላይ ይተኛል። አማካዩን ከ30 ወደ 60 በመቶ ከፍ ማድረግ ከተቻለ ሳይድባንዶቹ 18 ዋት ይሆናሉ። አራት እጥፍ ማለት ነው። ይህንኑ በዋት ላግኘው ያለ ሰው የ100 ዋቱን ማሰራጫ ሸጦ ባለ 400 መግዛት አለበት። እኔ ላፕቶፕ ላይ በነፃ አገኘዋለሁ።

ይሄ ሁሉ ግን መጀመሪያ ያለው ድምፅ ደህና ከሆነ ነው። ድምፅን ከፍ ማድረግ ነውሩንም ከፍ ማድረግ ነው። የክፍሉ ማስተጋባት፣ የፍሪጁ እሪታ፣ የላፕቶፑ ማራገቢያ፣ ሁሉም አብሮ ይወጣል።

ይሄንን ያስተማሩኝ መጽሐፍ አይደለም፣ አክስቴ ናቸው። የሚኖሩት ከአንኮበር ከተማ ወጣ ብሎ፣ መብራት ያልገባበት ቀበሌ ነው። ሬዲዮናቸው እነዚያ ባለ ፋኖስ፣ ባለ ሜሞሪ ካርድ የቻይና ሬዲዮዎች ናቸው። ስፒከሩ ከመዳፍ ያንሳል። የባትሪ ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ባትሪ ድንጋዮቹ በላስቲክ ታስረው ነው የተቀመጡት። ሲደክሙ ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ። የቀዳሁትን አንድ ክፍል በሜሞሪ ካርድ ወስጄ በዚሁ ሬዲዮ አሰማኋቸው። ትንሽ አዳመጡና «አንተ ልጅ፣ ምነው እንስራ ውስጥ ገብተህ ታወራለህ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ማይኩ እኮ ውድ ነው» አልኳቸው።

«እሱንስ እንስራው ውስጥ ምን ወሰደው?»

የድምፅ መሐንዲስ ብትጠይቁት ከ250 እስከ 400 ኸርዝ (በሰከንድ የንዝረት ቁጥር፤ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል) አካባቢ ያለው ነገር ተከማችቷል ይላችኋል። እሳቸው እንስራ አሉት። አንድ ነው። ባዶ ግድግዳ፣ ሲሚንቶ ወለል፣ በላዩ ቆርቆሮ። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ድምፅ ከአፍ ወጥቶ ወደ ማይኩ ከሄደ በኋላ ግድግዳውን ነክቶ እንደገና ይመጣል። ትልቅ ስፒከር ላይ «ክፍሉ ሰፊ ነው» ያስብላል። ትንሽ ስፒከር ላይ፣ በዚያ ላይ የአየሩ ሽሽታ፣ ያ «ሽሽሽ» የሚለው ጫጫታ፣ ሲጨመርበት፣ ቃላት እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

መድኃኒቱ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሞልቷል። ባና! ከመንዝ የሚመጣው የበግ ፀጉር ባና ለድምፅ የተፈጠረ ነው እላለሁ። ውጭ አገር ለስቱዲዮ ተብሎ የሚሸጠው ስፖንጅ ቀጭን ከሆነ ላይ ላዩን ያለውን ቀጭን ድምፅ ብቻ ይወስድና የእንስራውን ድምፅ እዚያው ይተወዋል። ወፈር ያለ ባና ግን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ሲሰቀል ዝቅ ወዳለውም ይወርዳል። ራቅ ማለቱ ቁም ነገር ነው። ግድግዳው ላይ ልጥፍ ካለ ግማሽ ጥቅሙ ይቀራል። እኔ ሁለቱን ከኋላዬ፣ አንዱን ከጎኔ እሰቅላለሁ። ከኋላ የሆነበት ምክንያት ማይኩ ወደ እኔ ስለሚያይ ነው፤ ከጀርባዬ ያለውን ግድግዳም አብሮ ያያል። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ አንዱን አውርዶ መደረብ ይቻላል። ስፖንጅ ይሄ የለውም።

ስለ ማይክ ብዙ አልልም። ክፍሉ ካልተስተካከለ ዳይናሚክ ማይክ ከኮንደንሰር ይሻላል፤ ሩቁን ያን ያህል አይለቅምም። አንድ ስንዝር ራቅ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር። አፍንጫ ድረስ ተጠግተው የሚያወሩ ሰዎች አሉ። ወፍራም ድምፅ ይወዳሉ። በኤፍ ኤም ያምራል፣ እሺ። በአጭር ሞገድ ግን ያ ወፍራምነት ከ150 ኸርዝ በታች የሚቀመጥ ጉልበት ነው። የአክስቴ ስፒከር አያወጣውም። አይሰማም፣ ግን ሞጁሌሽኑን በልቶ ሄዷል። ሰው የማይበላውን እንጀራ መጋገር ነው። ስለዚህ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ያለ ርኅራኄ እቆርጣለሁ። አብሮ ወደ ደሴ የሚወጣው የሲኖትራክ ጉርምርምታም ይሄድልኛል፤ የ50 ኸርዝ የመብራት እምምታም እንዲሁ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ዝናብ ግን የሚያወጣ ፊልተር (የድምፅ ማጣሪያ) አልተሠራም። ቡና አፍልቶ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ላይኛው ጫፍ። አጭር ሞገድ ላይ ጣቢያዎች በ5 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ይደረደራሉ። ስለዚህ ድምፁ ከ4.5 ወይም ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ እንዳይወጣ ይቆረጣል። ብዙ ርካሽ ሬዲዮዎች ደግሞ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ከዚያም በታች ይቆርጡታል። ይህ ለአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ማዳመጥ ያስፈልጋል። የ«ሸ» ድምፅ ጉልበቱ ከ2.5 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ውስጥ ስለሆነ ይተርፋል። የ«ሰ» ጉልበት አብዛኛው ከ4 በላይ ነው። ፊልተሩ ቀርጥፎ ይበላዋል። ያኔ «ሰላ» እና «ፈላ» መንትያ ይሆናሉ። አናባቢዎቹ ምንም አይሆኑም፤ እነሱ ከታች ናቸው። ሰውየው ሲያወራ ይሰማል፣ ምን እንዳለ ግን አይሰማም። «ድምፁ ጥሩ ነው ግን አይገባም» የሚባለው ይሄ ነው።

የሄደውን መመለስ አይቻልም። የቀረውን ማገዝ ግን ይቻላል። ከ2 እስከ 3.5 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ከፍ ማድረግ፣ የእንስራውን አካባቢ ደግሞ ትንሽ ማውረድ። ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ለሚሰማው ሰው የሚያስጠላ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ድምፅ ይሆናል። የሚያስጠላ መሆኑን አውቄ ነው የማደርገው። እንደ እኔ ያሉ የሬዲዮ ወዳጆች ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚለያዩት። አንዳንዶቹ በኤ ኤም የኤፍ ኤምን ያህል ሰፊ ድምፅ ማውጣት ይፈልጋሉ። በቅርብ፣ በጠንካራ ሲግናል፣ በጥሩ ሬዲዮ ሲሰማ በእውነት ልብ ይወስዳል። አልቃወምም። ግን ያ ድምፅ ለሬዲዮ ወዳጅ የሚደረግ ድግስ ነው። አንኮበር ላለ ሰው አይደርስም።

ከዚያ ኮምፕረሰሩ ይመጣል፤ ጎላ ያለውን ጨቁኖ የቀረውን ከፍ ለማድረግ የሚያስችለው ማለት ነው። ይሄ ነው ያንን 30 በመቶ ወደ 60 የሚያወጣው። እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጠባይ አለው። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጰ»፣ «ጸ» አጭርና ሹል ድምፆች ናቸው። ትንፋሽ ታፍኖ ቆይቶ ድንገት ይፈነዳል። ኮምፕረሰሩ ዘግይቶ የሚነቃ ከሆነ ፍንዳታው ሳይነካ ያልፍና ሊሚተሩን (ድምፅ ከጣሪያ እንዳያልፍ የሚያግደውን) ይመታል። በጣም ፈጥኖ የሚነቃ ከሆነ ደግሞ ፊደሏን ራሷን ይቀጠቅጣታል፤ «ጠጣ» የሚለው «ደዳ» ሊመስል ምንም አይቀረው። እኔ መካከለኛ ፍጥነት፣ ለስለስ ያለ ጭመቃ እመርጣለሁ፤ ሦስት ለአንድ አካባቢ። ጫፎቹን ለሊሚተሩ እተዋለሁ። ሲለቅ ግን ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ቶሎ የሚለቅ ኮምፕረሰር በየዓረፍተ ነገሩ መሃል የክፍሉን ትንፋሽ እያነሳ «ህህህ» ያሰኛል።

ስለ ቅደም ተከተል አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ቦታ ተጽፎ ስለማላይ። ሰው ሊሚተሩን አድርጎ ጫፎቹን ከደለደለ በኋላ መጨረሻ ላይ በ4.5 ኪሎ ኸርዝ ፊልተር ይቆርጣል። ፋይሉን ገልጦ ሲያይ ጫፎቹ እንደገና ተነስተዋል። ፊልተሩ ነው ያነሳቸው፤ ስለታም ፊልተር ከቆረጠው ነገር ጋር የሞገዱን ቅርፅ ይቀይራል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ በፊልተር እቆርጣለሁ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ሊሚተር፣ ከዚያም ከጣሪያው በታች ትንሽ ክፍተት እተዋለሁ። የመጨረሻውን የጣቢያው መሣሪያ ይጨርሰው።

የክፍተቱ ነገር ቀልድ አይደለም። ኤ ኤም ወደ ታች ከ100 በመቶ ማለፍ አይችልም። ተሸካሚው ዜሮ ይገባል፣ ሞገዱ ይቆረጣል፣ ቁርጥራጩ ጎረቤት ጣቢያ ላይ ይረጫል። ወደ ላይ ግን ማሰራጫው አቅም ካለው ከ100 ያልፋል። አሜሪካ ውስጥ ለመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች እስከ 125 በመቶ ይፈቀዳል። የሰው ድምፅ ደግሞ ሞገዱ ወደ ላይና ወደ ታች እኩል አይደለም። ቀረጻችሁን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ከፍታችሁ እዩት፤ በተለይ የወንድ ድምፅ ከሆነ በአንድ ጎን ይሾላል። የሾለው ጎን ወደ ታች ከሆነ «ኢንቨርት» (ገልብጥ) የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ጆሮ ልዩነቱን አያውቀውም። ማሰራጫው ያውቀዋል። እርግጥ በመንገድ ላይ ያሉት መሣሪያዎች መልሰው ሊገለብጡት ስለሚችሉ ከጣቢያው ሰው ጋር በሙከራ ድምፅ መተያየት ይጠይቃል። የእኛው ሰው ትዕግሥተኛ ነው።

ፋይሉን ዋቭ (ያልተጨመቀ) አድርጌ፣ በሞኖ (በአንድ መስመር ድምፅ) እልካለሁ። ኢንተርኔታችን እያለቃቀሰም ቢሆን። በጣም የተጨመቀ ኤም ፒ 3 በጆሮ ደህና ይመስላል፤ የጣቢያው ፕሮሰሰር ሲያነሳው ግን ከሥሩ የተደበቀው ፉጨትና ጭቃ ይወጣል።

ስለ በገና ካልጻፍኩ ይሄ ጽሑፍ ጎደሎ ነው። አብሮ አደጌ መጀመሪያ ላይ «በገና በአጭር ሞገድ አይሆንም» ብሎ ነበር። ምክንያቱ ትክክል ነው። በገና ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ አሁን ከ100 ኸርዝ በታች እቆርጣለሁ ብዬ ፎክሬያለሁ። የአክስቴ ስፒከር ደግሞ ወፍራሙን አውታር ጭራሽ አያወጣውም። በዐቢይ ጾም አንድ የበገና ቅጂ ለቀቅን። ደረሰ። ከመሰንቆው ይልቅ እሱ ጥርት ብሎ ደረሰ።

ነገሩ እንዝራው ላይ ነው። በገና አውታሩና ድልድዩ መካከል የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ አለች። ያን የሚነዝር፣ የሚያንዣብብ ድምፅ የምትሰጠው እሷ ናት። አውታሩ እየነካካት ሲርገበገብ ከሥሩ ድምፅ በላይ ብዙ ድርብርብ ድምፆች ይወለዳሉ፤ እስከ ኪሎ ኸርዝ ቤት ይወጣሉ። ስፒከሩ የሥሩን ድምፅ ባያወጣም እነዚያን ያወጣል። የሰው አእምሮ ደግሞ በድርብርቦቹ መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ የጠፋውን ሥር ራሱ ይሞላዋል። አክስቴ የሰሙት በገና ግማሹ ከሬዲዮው አልወጣም፤ እዚያው ጭንቅላታቸው ውስጥ ተሠራ። ይሄን ስነግራቸው «ዳዊት ነው እንጂ ምን ጭንቅላት አለው» ብለው ዘጉኝ። ከዚያ ወዲህ በገና ስቀዳ ማይኩን ወደ ድልድዩ፣ እንዝራው ወዳለበት አስጠጋለሁ። ወደ ገበቴው ሆድ ማስጠጋቱን ትቻለሁ። ለሲዲ ቢሆን እንዲህ አላደርግም።

እስካሁን ያለው በእጃችን ያለው ነው። ከአንቴናው ከወጣ በኋላ ያለው የሰማዩ ሥራ ነው። ቀን ቀን ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ዲ የሚባለው የላይኛው አየር ንብርብር ዝቅ ያሉትን ሞገዶች ይውጣቸዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይሟሽሻል፣ ሞገዱም ከላይ ካለው ኤፍ ንብርብር ነጥሮ ይመጣል። ከጀርመን እኛ ጋ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሞገዱ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። በሁለት ሦስት መንገድ ይመጣና እርስ በርሱ ይጣላል። አንዳንዴ ተሸካሚው ብቻ ሲደክም ሳይድባንዶቹ ይቀራሉ። ተራ ሬዲዮ ያኔ ግራ ይገባዋል፤ ከመጠን በላይ ሞጁሌት የተደረገ ይመስል ድምፁን ያጣምመዋል። ሲንክሮነስ የሚባለው መቀበያ ያላቸው ሬዲዮዎች የጠፋውን ተሸካሚ ራሳቸው ስለሚተኩ ይሻላሉ። ግን እነሱ ውድ ናቸው።

የእኛ አገር ሌላም ጠባይ አለው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በተለይ መስከረምና መጋቢት አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከላይ ያለው ንብርብር ይበጣጠሳል። በዚያ ውስጥ ያለፈ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ ተናጋሪው የበረደው ይመስላል። በዚህ ሰዓት ከንግግር ሥር ሙዚቃ የሚያስገባ ፕሮግራም አለቀለት። ሙዚቃውም ንግግሩም አይሰማም። ስለዚህ እኛ ሲወራ ሙዚቃ የለም። ሲዘፈን ወሬ የለም። ጀርመን ያለው ጓደኛዬ «ደረቅ ነው» ይለኛል። ይድረቅ።

ስናድግ የምንሰማቸው ጋዜጠኞች ይሄን ያውቁት ነበር። የጀርመን ድምፅ አማርኛ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የአሜሪካ ድምፅ ከ1982 ጀምሮ ነበሩ።  አባቴ በደርግ ጊዜ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ ይሰማ እንደነበር ይናገራል፤ ድምፁ ውጭ እንዳይወጣ። አንባቢዎቹ አይሮጡም ነበር። የሰው ስም ሲመጣ ዝግ ይላሉ፣ ቁጥር ሲመጣ ይደግማሉ። ምንም ኮምፕረሰር የማይሰጠው ነገር ነው። አሁን ማይክ ፊት የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ የምለምነው ይሄንኑ ነው፤ በተለይ ልጆቹን። ቲክቶክ ትንፋሽ መውሰድን አስረስቷቸዋል።

ደብረ ብርሃን ላይ ማዳመጥ ራሱ ፈተና ነው። የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ ኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የጎረቤት ስታብላይዘር፣ ሁሉም አጭር ሞገድ ላይ ይጮሃል። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ «ኤጭ!» ሲል እኔ ሬዲዮዬን ይዤ ወደ በረንዳ እሮጣለሁ። ያን ጊዜ ሰማዩ ጸጥ ይላል። ባለቤቴ ሻማ ፍለጋ ስትዳክር እኔ 31 ሜትር ባንድ (አንዱ የአጭር ሞገድ ክልል) ላይ ነኝ። በትዳራችን ይሄ ነገር ውይይት ላይ ነው።

አውሮፓ ውስጥ እንዴት እንደተሰማ ለማወቅ ኔዘርላንድስ የሚገኘው የትዌንተ ዩኒቨርሲቲ ዌብ ኤስ ዲ አር አለ። በኢንተርኔት ገብቶ እዚያ ያለውን መቀበያ ራስ ማዞር ይቻላል። የራስን ድምፅ ከደብረ ብርሃን በኢንተርኔት ልኮ፣ ከጀርመን በአየር ወጥቶ፣ ኔዘርላንድስ ተለቅሞ፣ በኢንተርኔት ደብረ ብርሃን ሲመለስ መስማት ደስ የሚል እብደት ነው። አድማጮች የሚልኩት ሪፖርት ግን ብዙም አይጠቅመኝም። ሲንፖ በሚባለው ኮድ ነው የሚጽፉት፤ የሲግናሉ ጥንካሬ፣ ጣልቃ ገብነት፣ ጫጫታ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ አጠቃላይ። ከአንድ እስከ አምስት። ንግግሩ ገባኝ ወይስ አልገባኝም የሚል ቦታ ለብቻው የለውም። ስለዚህ አማርኛ ለሚችሉት አድማጮች አንድ ጥያቄ ብቻ እልካለሁ፤ በዝግጅቱ መሃል የተጠራውን የቦታ ስም ጻፉልኝ እላለሁ። «ጣርማበር» ብለው ከጻፉ ገብቷቸዋል። አንዱ «ዳርማ ቤት» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚህ የበለጠ መለኪያ አላውቅም። «ጣ» የት እንደጠፋች ፍለጋ ገባሁ፤ ኮምፕረሰሩ ጋ አገኘኋት።

አክስቴም ቢሆኑ ሁልጊዜ ከአየር አይደርሳቸውም። አንዳንድ ምሽት ይመጣል፣ አንዳንድ ምሽት ሽሽታ ብቻ ነው። በቅርቡ የመጣ ጊዜ ስልክ ደወሉልኝ፤ ኔትወርክ ለመያዝ ጉብታው ላይ ወጥተው።

«ሰማሁህ» አሉ።

«እንስራውስ እትዬ?»

«እሱ ወጥቷል። አንድ ነገር ግን አላችሁ። ሰዓት አትናገሩም። ድሮ ሬዲዮ ሰዓት ይናገር ነበር። እዚህ ሰው የሚከፍተው ለእሱ ነው።»

ስለ ዲሲቤል ሊያወሩኝ ነው ብዬ ጓጉቼ ነበር። ለአብሮ አደጌ ነገርኩት። ለሚቀጥለው ዝግጅት ሰዓት እንናገራለን። ችግሩ የምንቀዳው ቀደም ብለን ነው፤ ጣቢያው ደግሞ አንዳንዴ ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ ይለቀዋል። በዚያ ላይ እሱ በጀርመን ሰዓት እንናገር ይላል፣ እኔ በአበሻ ሰዓት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብያለሁ። ገና አልተስማማንም።